«ምርጥ» የተባለው የት ነው?

ለጥጥ ገበሬ «ምርጥ ዘር ውሰድ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ምላሴ ላይ ይመጣል፦ ምርጥ የተባለው የት ሆኖ ነው? ቦይ ሥር ወይስ ሰማይ ሥር?

የአገራችን የጥጥ ምርምር እናት ቤት ወረር ነው፤ ወረር ደግሞ አዋሽ ዳር ነው። እዚያ ተክሉ ሲጠማ ቦዩ ይከፈትለታል። የመተማ ጥጥ የሚጠጣው ክረምቱን ነው፤ መስከረም ካለፈ ዋልካው የቋጠረው እርጥበት ብቻ ይቀረዋል። ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ውሃ እስካገኘ ድረስ ማበቡን አያቆምም፤ አዋሽ ላይ ፍሬ በፍሬ ይደራርባል። መተማ ላይ ያንኑ እምቡጥ ያረግፈዋል። ቦይ ሥር ከኋላ የቀረው ፈጥኖ ደራሽ ግን ዋልካው ሳይሰነጠቅ ፍሬውን ይዞ ያመልጣል።

ይህን የማያውቅ የጥጥ ባለሙያ የለም። የማይገባኝ እያወቁ በአማካይ መፍረድ ነው። በምሳሌ ልየው፤ ቁጥሩ የእኔው ፈጠራ ነው። አንዱ ዝርያ በመስኖ 40 ኩንታል፣ በዝናብ 10 ሰጠ እንበል፤ ሌላው 30 እና 16። በአማካይ 25 ለ23፤ የመጀመሪያው አለፈ። የዝናቡ ገበሬ ግን በሄክታር 6 ኩንታል ተቀማ። ያንን 25 ኩንታልስ ማን ለቀመው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

ጉዳቱ በኩንታል አያበቃም። የጥጥ ቃጫ የሚረዝመው አበባው ከፈካ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ገደማ ነው። እነሱ ከደረቁ፣ ያው ዝርያ አጭር ጥጥ ይዞ መዳመጫ ይደርሳል።

የዝርያዎቹ ስሞችም ይናገራሉ። «አካላ ኤስጄ-2» ውስጥ ያለው «ኤስጄ» የካሊፎርኒያው ሳን ዋኪን ሸለቆ ነው፤ በመስኖ የሚኖር ሸለቆ። በ2010 ዓ.ም. የተፈቀዱት የህንድ ቢቲ ጥጦችም ቢሆኑ ጓይ ትልን ይመክታሉ እንጂ ዝናብ አያመጡም።

ሁለት ዓይነት ዘር ማባዛት ወጪ ነው ይሉኛል። ነው እንጂ! ግን ወጪው ዛሬም አልቀረም፤ ከፋዩ ገበሬው ስለሆነ መዝገብ ላይ አይታይም። የዝርያዎቹ ምርት የሚነጻጸርበት ሰንጠረዥ በመስኖና በዝናብ ለሁለት ይከፈል። ከረጢቱ ላይ፣ ከዝርያው ስም ሥር፣ በመስኖ ይሁን በዝናብ የተፈተነው ይጻፍበት። የዝናቡ ሙከራም ቦዩ ለጊዜው በተዘጋበት የወረር ማሳ ላይ ሳይሆን እዚያው ዋልካው ላይ ይሁን።