የአሮጌ መኪና ምርመራ ምን ያህል ይታመናል?

በአገራችን መንገዶች ከሚመላለሱት መኪናዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር ካገለገሉ በኋላ ወደ እኛ የመጡ፤ እዚህም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑ የታወቀ ነው። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ቦሎው ታድሷል ወይ?» የሚል ነው። ደላላው «የዘንድሮው አለው» ካለው ልቡ ያርፋል። ይህ የልብ ዕረፍት ተገቢ ነውን? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማመልከት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ዓመታዊው ምርመራ ጥቅም የለውም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። በሚገባ በተደራጀ የምርመራ ጣቢያ የግራና የቀኝ ጎማ ፍሬን እኩል መያዙ በመሣሪያ ይለካል፤ የፊት መብራቱ አቅጣጫ፣ የጎማው ጥርስ፣ የመሪው ልቅነትና የሞተሩ ጭስ ይታያል። ይህ ሁሉ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ነው።

ሆኖም ምርመራው የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው። የፍሬን ዘይትን ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። በጣቢያው ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ሲሞከር ፍሬኑ ደኅና ሆኖ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ያው መኪና ሰውና ዕቃ ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርድበት ጊዜ፤ ነጂው ያለማቋረጥ ፍሬን ሲረግጥ ሙቀቱ ይበረታል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ይፈላል፤ ፔዳሉም ሳይዝ ወደ ታች ይሰምጣል። እንዲሁም በስቱኮና በአዲስ ቀለም የተሸፈነ የሻንሲ ዝገት በዓይን ብቻ አይገኝም።

ሁለተኛው ነገር የሰው ጠባይ ነው። ለምርመራው ዕለት ደኅና ጎማ ተውሶ ወይም ተከራይቶ የሚቀርብ፤ ቦሎውን ከወሰደ በኋላ ግን ያለቀውን ጎማ መልሶ የሚያስገጥም ባለንብረት እንዳለ በየጋራዡ ሲነገር እንሰማለን። ምርመራውን ፈቃድ የተሰጣቸው የግል ድርጅቶችም ስለሚያካሂዱት ባለ መኪናው መርማሪውን መርጦ ዋጋውን ራሱ ይከፍላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጥብቅ የሆነው መርማሪ ደንበኛ ሊያጣ፤ ቸል የሚለው ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ቁጥጥሩ በመርማሪው ሕሊና ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። የሁለቱም ዓላማ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አዲስ የቤንዚን መኪና የማይተካው ባለንብረት ያለውን እየጠገነ ይነዳል፤ ያሉትም መኪናዎች በየዓመቱ ያረጃሉ። እንግዲህ ሸክሙ የሚወድቀው በምርመራው ላይ ነው።

የሌላውን አገር ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር የመኪና ምርመራ ግዴታ ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን መጀመሪያ የሚመለከተው አሥር ዓመት የሞላቸውን ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሦስት ዓመት ለሞላቸው ተደረገ። ዛሬ በዚያ አገር ገዢ የሆነ ሰው የሰሌዳውን ቁጥር በኢንተርኔት አስገብቶ፤ መኪናው መቼ እንዳለፈ፣ በምን ጉድለት እንደ ወደቀ፣ ቆጣሪውም በየዓመቱ ስንት እንደ ነበረ ያለ ክፍያ ያያል። የተደበቀ ጉድለትና ወደ ኋላ የተመለሰ ቆጣሪ በዚህ ይጋለጣል። ይህ አሠራር ለእኛም ቢታሰብበት መልካም ነው እንላለን።

እስከዚያው ድረስ ገዢ ራሱን ይጠብቅ። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያይ። ሻጩ የማያውቀውን መካኒክ ይዞ መኪናውን ከሥር አስነሥቶ ይመልከት። ጎማው ጥርስ ያለው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በጎኑ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። 2318 ቢል እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። የፍሬን ዘይቱንም መቼ እንደ ተለወጠ ይጠይቅ፤ ካልታወቀ ያስለውጥ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

ለባለንብረቶችም የምንለው አለን። በተከራየ ጎማ ያለፈ ሰው መርማሪውን አታለልኩ ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ መኪና የሚሳፈሩት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደውም የሌላ ሰው ልጅ ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ምርመራ ማድረግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ቦሎ በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ግን ፍሬኑ ነው።