ከዋልያው ጋር ስም የወጣለት ዓሣ

በእረፍት ቀናት ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ቤተሰብ ምን ለማየት እንደሚሄድ ያውቃል። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነቅል፣ ዕድል ከቀና ዋልያ፣ እጅግ ከቀና ደግሞ ቀይ ቀበሮ። ከዚያ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት፣ ልጆችን ከገደሉ ጫፍ «ወደ ኋላ!» እያሉ መጎተት አለ። በዚህ ወር በዝርዝሩ ላይ ከመኪና መስኮት የማይታይ አንድ እንስሳ እንጨምርበት፤ ዓሣ።

ተራራ ላይ ዓሣ ምን አመጣው? አመጣጡስ ከአንድ ሰው ጋር ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት የአውሮፓውያን ናቸው) የሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ለቀይ ቀበሮም «ካኒስ ሲሜንሲስ»፣ ማለትም «የሰሜኑ»፣ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። በዚያው ጉዞ የጣናን ዓሦች ሰብስቦ «ላቢዮባርበስ» የሚል የወገን ስም ሰጣቸው። ዓሣ አጥማጆቹ በቀላሉ ነጭ ዓሣ ይሏቸዋል።

በአንድ ሰው እጅ ስም የወጣላቸው እንስሳት ከዚያ በኋላ ዕጣቸው ተለያየ። የተራራዎቹ እንስሳት ብሔራዊ ፓርክ ተከለለላቸው፤ ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ፣ ከብዙ ልፋት በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለዓሣውም ጨርሶ አልታሰበም አይባልም፤ የጣና አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኗል። ችግሩ ዓሣው የሚወለድበት ቦታ ላይ ነው። ብዙዎቹ የሚወለዱት ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በእርሻ መካከል በሚያልፉ ወንዞች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የውሃውን መንገድ እንለይ። ከሊማሊሞ ገደል ቁልቁል የሚወርደው ውሃ በዛሪማ አድርጎ ተከዜ ይገባል። በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አልፈው በኮሶዬ በኩል ወደ ጎንደር ሲመለሱ ግን የወገራ ደጋ ከፊሉን ውሃ ወደ ደቡብ ያፈሳል። እሱም ወደ መገጭ ገብቶ፣ የጎንደርን ሥር ታክኮ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ተፋሰስ ይረግጣሉ ማለት ነው። አንዱ በአትባራ፣ ሌላው በዓባይ ዞረው ሱዳን ውስጥ ይገናኛሉ።

የጣናው ነጭ ዓሣ ለምን ልዩ ሆነ? የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለሚዘጋ፣ በሐይቁ የቀሩት ለብቻቸው ተራቡ፣ ለብቻቸውም ተለያዩ። ተመራማሪዎች 15 የሚሆኑ ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ለቃሚ ነው፤ ሌላው ከንፈረ ወፍራም፤ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ይህ የዓሣ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑን ለሚያውቅ ሰው አዳኝ መሆናቸው ራሱ ጉድ ነው።

ከነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ለቀው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ርብ፣ ጉማራ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ የታወቁት መውጫዎቻቸው ናቸው። በሐምሌ የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በነሐሴና በመስከረም ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚፈጥንበትና ጠጠር ወደሚነጠፍበት ገባር ይገሰግሳሉ። ዕንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ይቀመጣል። እንዲፈለፈል በጠጠሮቹ ክፍተት አየር የያዘ ንጹሕ ውሃ ማለፍ አለበት። ክፍተቱን ደለል ከደፈነው ዕንቁላሉ ይታፈናል።

ደለሉ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ተጓዡ ቤተሰብ መንገድ ላይ አይቶታል፤ ከወገራ ዳገት። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ቁልቁለት እስከ ወንዙ ከንፈር ድረስ ሲታረስ የመጀመሪያው ዶፍ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። የጎንደር ሰው ይህን ከዓሣው በፊት በቧንቧው አውቆታል፤ ከተማዋን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ የቆየ ራስ ምታት ነው። በነሐሴ አዘዞ አጠገብ የመገጭን ድልድይ ሲሻገሩ ልጆች ውሃው ለምን ቡና መሰለ ብለው ቢጠይቁ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ያለፉትን ዳገት ማስታወስ ይበቃል።

አፈሩ ብቻውን አይደለም። ከወንዞቹ ለግንባታ የሚጫነው አሸዋና ጠጠር የዓሣው መኝታ ነው። በበጋ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ ጫጩቶቹ የተጠለሉበትን ኩሬ ያደርቃል። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ላይ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝም የቆየ ልማድ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። ከሁሉ የከፋው ግን በእኔ ግምት የወንዝ አፍ መረብ ነው። ዓሣው ሊወልድ በተሰበሰበበት ሰዓት መረብ መዘርጋት ለአጥማጁ ቀላል ገቢ ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚወጣው ግን የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የጣና ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን በወቅቱ የተደረገ ጥናት አሳይቷል።

ረግረጉስ? ለዓመት በዓል ሳሎን የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ከየት እንደሚመጣ ልጆቻችንን ብንጠይቅ «ከገበያ» ይሉናል። ቄጤማ የረግረግ ልጅ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም እንዲሁ። የሐይቁ ዳር ደንገልና ቄጤማ ጎርፉ ያመጣውን ደለል ያጣራል፣ ለትንንሽ ዓሦችም መደበቂያ ይሆናል። ረግረጉ ተጠንፍፎ ሲታረስ ወይም ዓመቱን ሙሉ ከብት ሲረግጠው ማጣሪያው ይጠፋል፤ ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ደለል በቀጥታ ሐይቁ ይገባል። በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ቀድሞ የተንሰራፋው በዚሁ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ መሆኑ አይገርምም። በ2020 ሺዎች በእጃቸው ሊነቅሉት ወጡ፤ ልፋቱ ክብር ይገባዋል። ግን ምግቡ ከዳገት እየወረደለት አረሙን ብቻ መንቀል ቧንቧ ሳይዘጉ ወለል እንደ መወልወል ነው።

ረግረግን መመለስ ደግሞ ከምናስበው በላይ ርካሽ ሥራ ነው። ከብት ለጥቂት ዓመታት መከልከል፣ ሣሩን አጭዶ ተሸክሞ ለከብቱ ማብላት፣ ውሃ የሚያስወጣውን ቦይ መድፈን፣ ደንገሉን ከሥሩ ቆርጦ መልሶ መትከል። ከባዱ ስምምነቱ ነው፤ ያ ረግረግ በበጋ ለደሃው ገበሬ ብቸኛው ግጦሽ ነውና፣ ተተኪ መኖ ሳይሰጡ «አትግባ» ማለት አይሠራም። ላይኛው ተፋሰስ ላይም በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል። እኔ ብጠየቅ ከእርከኑ እኩል የወንዙን ከንፈር ጥቂት ሜትር ሳይታረስ መተውን አስቀድም ነበር።

ሌላ ቦታ የደረሰውን እናውቃለን። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ የራሱ የዓሣ ቤተሰብ ነበረው። በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በሐይቁና በመውጫው ወንዝ ብቻ ከሚኖሩ 17 ዝርያዎች 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። ባዕድ አዳኝ ዓሣና ልክ ያጣ ማጥመድ ጨረሷቸው። በዓለም ላይ ያን መሰል ሐይቅ ሙሉ የነጭ ዓሣ ቤተሰብ የቀረው ጣና ዘንድ ነው።

የእኛ ድርሻ ወጥ ቤት ይጀምራል። በፍልሰታ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው። የሚበላ ቤት ግን ፍልሰታ የምትውለው ነሐሴ ውስጥ፣ ነጭ ዓሣው ሊወልድ በሚወጣበት ሰሞን መሆኑን ይወቅ። በእነዚያ ሳምንታት ከጣና የመጣ ዓሣ ሲገዙ ቀረሶ ይጠይቁ። ነጭ ዓሣ ሲቀርብልዎ ሆዱን አስከፍተው ይዩ፤ ዕንቁላል የሞላው ከሆነ ከወንዝ አፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለሻጩም ለምን እንደማይገዙት በደግ ቃል ይንገሩት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከአጥማጁ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው።