የመጠጥ ውኃን በቤት ስለ ማጥራት

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ነው። መምህር አካለ ወልድም በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተውበታል። ሕሙማን ደግሞ ስፍራውን የሚያውቁት የቆዳና የዓይን ደዌ በሚታከምበት ሆስፒታል ነው። ነገር ግን ሐኪም ዘንድ ከሚያደርሰው ደዌ ብዙው የሚጀምረው በየቤቱ ከሚቀመጠው እንስራና ጀሪካን ስለ ሆነ፣ ሹማምንቱም ካህናቱም የመጠጥ ውኃን ነገር ለሐኪም ብቻ ሊተዉት የሚገባ አይደለም።

ብዙ ሰው ጥሩ ውኃ ብሎ የሚያምነው ለዓይን የጠራውን፣ ለአፍም የጣፈጠውን ነው። ሆኖም ኮሌራን፣ ታይፎይድንና የተቅማጥን ደዌ የሚያመጡት ተሐዋስያን እጅግ ረቂቃን ስለ ሆኑ፣ ከምንጭ ተቀድቶ እንደ መስተዋት በሚያበራ ውኃ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የቧንቧ ውኃ ቢሆንም ፈጽሞ አያስተማምንም። ውኃው በተራ በሚለቀቅበት ከተማ ቧንቧው ባዶ በሆነ ሰዓት በስንጥቁ በኩል የመሬቱን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቤተ ሰቡም ተራው እስኪመለስ ድረስ ለብዙ ቀን አጠራቅሞ ስለሚጠጣ፣ ንጹሕ ሆኖ የመጣው ውኃ በጣሳና በእጅ ይበላሻል።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠግቶ ሳለ፣ በአንድ ክፍል ለተፋፈገው ለዚያ ሁሉ ቤተ ሰብ ንጹሕ ውኃ ከእህል ያላነሰ ጉዳይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ የተነሣው ኮሌራም ካገር ወዳገር እየተዛመተ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡት ምእመናን መካከል ገባ። ይህ ለጠበሉ ነቀፌታ ሆኖ እንዳይቈጠር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲሰፍር፣ መጸዳጃው አንሶ፣ መቅጃውም አንድ ሲሆን ደዌው የሰውን እጅና ዕቃ ተከትሎ ይሄዳል።

እንግዲህ ውኃውን በቤቱ ለማጥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ መመርመር ያለበት የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን የውኃውን ጠባይ ነው። የክረምት ጐርፍ ያደፈረሰው የወንዝ ወይም የጕድጓድ ውኃ ዕለቱን መድኃኒት ቢጨመርበት ጭቃው የመድኃኒቱን ኀይል ይጨርሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በዕቃ አድርጎ ማስቀመጥና ማዝቀጥ፣ ከዚያም በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ማጥለል ይገባል።

ከመንገዱ ሁሉ የታመነው ማፍላት ነው። ነገር ግን ቦሩ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ስለ ሆነ፣ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው፤ ዝቅ ባለው በኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ገደማ ይፈላል። ከዚህ የተነሣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ውኃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ በታች ባለ አገር አንድ ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ማፍላት አለበት የሚሉ ሰዎች ለጤና አስበው ቢናገሩም ማገዶ ያስፈጃሉ። ኩበት ለቅማ ለምታነድ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትእዛዙ ሲከብዳት ማፍላቱን ጨርሳ ትተወዋለችና።

ማገዶ ላነሰው ቤት ክሎሪን ይሻላል። ውኃ አጋር የተባለው ፈሳሽ ለዚሁ ተዘጋጅቶ በአገራችን ሲሸጥ የቆየ ነው፤ ቢሻን ጋሪ፣ ማለት በኦሮምኛ መልካም ውኃ የተባለው ዱቄት ደግሞ ጭቃውንም ያዘቅጣል፣ ተሐዋስያኑንም ይገድላል። መጠኑ በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ሆኖ፣ ከተጨመረ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይቈይ መጠጣት አይገባም። ፈሳሹ ፀሓይ ካገኘው ወይም ዘመኑ ካለፈ ኀይሉን ያጣል፤ ስለዚህ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ገንዘብን መጣል ነው። ሽታውን የሚጠላ ሰው ሰዓቱ ከሞላ በኋላ ውኃውን ከንጹሕ ዕቃ ወደ ንጹሕ ዕቃ ቢገለብጠው ይቀንስለታል።

የሸክላ ማጣሪያ ማገዶም መድኃኒትም ስለማይፈልግ የተመሰገነ ነው። ተሐዋስያኑን በረቂቅ ቀዳዳው ያስቀራል፤ ሆኖም ከሁሉ የሚያንሱት ቫይረሶች ሊያልፉት ስለሚችሉ፣ በወረርሽኝ ጊዜ ተጣርቶ በወረደው ውኃ ላይ ክሎሪን መጨመር ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ውድ ማጣሪያዎች ግን መብራት በሚጠፋበትና የቧንቧው ግፊት በሚደክምበት ስፍራ ለጌጥ ካልሆነ በቀር አይረቡም፤ ካጣሩትም ውኃ ሌላ የሚያፈሱት ብዙ ነው። እነዚህ የሚጠቅሙት እንደ ስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ባለበት አገር ነው፤ ፍሎራይድን ማፍላትም ክሎሪንም አያስወግደውምና።

ዕቃውን ከመምረጥ ይልቅ የሚከብደው መጠበቁ ነው። ሸክላው ሲደፈን ውኃው እያዘገመ ይንጠባጠባል፤ ያን ጊዜ እጅን ታጥቦ፣ ያለ ሳሙና፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ላዩን ማሸት ይገባል። የፀጕር ያህል እንኳ ከተሰነጠቀ ጥቅሙ አልቋልና በአዲስ ይለወጥ። ውኃው የሚወርድበትም ዕቃና ቧንቧው በየጊዜው ካልታጠበ፣ ከላይ የተጣራው ከታች ተመልሶ ይቈሽሻል። በአሸዋ የሚያጣራው ዓይነት ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ በአሸዋው ላይ የሚበቅለው ስስ ሽፋን ሕያው ስለ ሆነ፣ እንዲደርቅ መተው ወይም ከላይ ክሎሪን ማፍሰስ ሥራውን ያጠፋዋል። እንዲህ ያለውን ሳያውቅ ማጣሪያ የያዘ ሰው ማጣሪያ ከሌለው ሰው ይልቅ ይጐዳል፤ ያልጠራውን ውኃ እንደ ጠራ አምኖ ያለ ጥንቃቄ ይጠጣዋልና።

ሹማምንት ይህነን በልባቸው ሊያኖሩት ይገባል። ለአንድ ቀበሌ ይህን ያህል ማጣሪያ ታደለ ተብሎ በመዝገብ ሲጻፍ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚሠራ፣ ስንቱ የእህል ማስቀመጫ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መለወጫው ሸክላ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ገበያ የማይገኝ ከሆነ ዕደላው ከመነሻው ባይደረግ ይሻል ነበር።

ካህናትም በዚህ ነገር ከማንም ይልቅ ይሰማሉ። ንዋየ ቅድሳት ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል የሚጠብቅ ካህን፣ የመጠጥ ጀሪካን ለዘይት ወይም ለነዳጅ እንዳይውል፣ አፉም ጠባብ ሆኖ እጅ እንዳይገባበት ለምን እንደሚያስፈልግ ለምእመናኑ ለማስረዳት አይቸግረውም። ጠበል በጀሪካን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ፣ ዕቃውን አስቀድሞ በሚገባ እንዲያጥብ መምከር የሚሻለው በዚያው በጠበሉ ደጅ ነው።

የወረዳው ጤና ሠራተኞችም ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ ከየአጥቢያው ካህናት ጋር ተነጋግረው በየቤቱ ያሉትን ማጣሪያዎች ቢያዩ፣ የተሰነጠቀውን ቢለዩ፣ ዘመኑ ያለፈበትንም ክሎሪን ከየሱቁ ቢያስነሡ፣ የሐምሌው ድፍርስ ውኃ ሳይደርስ ለመለወጫው ሸክላ ግዢ የሚሆን አንድ ወር ያህል ጊዜ ይተርፋቸዋል።