ሰውነት የሚናገረውና የማይናገረው፤ የአመጋገብ ምክር ከሻሸመኔ ማዕድ አንጻር

የሥነ ምግብ ምክር በየጊዜው መለዋወጡ በበርካታ ሰዎች ዘንድ ጥርጣሬን ማሳደሩ አልቀረም። ለምሳሌ አሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት ዜጎቿ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ኮሌስትሮል እንዳይመገቡ ስትመክር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 ባገለገለው መመሪያዋ ይህን ገደብ አንስታለች። እንቁላልን ሲፈራ የኖረ ሰው «ከእንግዲህ የማዳምጠው ሰውነቴን ብቻ ነው» ቢል የሚያስወቅሰው አይሆንም። ጥያቄው ግን ሰውነት ሁሉን ነገር ይናገራል ወይ የሚለው ነው።

ጉዳዩን ለመመርመር ሻሸመኔ ተስማሚ ሥፍራ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ባሌ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ይህች ከተማ፣ የአርሲን ወተትና ቅቤ፣ የአካባቢዋን ድንችና በቆሎ፣ ከጎረቤት ሲዳማ ጋር የምትጋራውን ቆጮ በአንድ ገበያ ታገናኛለች።

ሰውነት በትክክል የሚናገርበት ጊዜ መኖሩ አያጠራጥርም። ትኩስ ወተት ሆዱን የሚነፋው ጎልማሳ እርጎ ሲጠጣ ብዙም የማይቸገረው፣ ወተቱ ሲረጋ በውስጡ ያለው ስኳር በከፊል ስለሚቀንስ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ወተት ጠቃሚ ነውና ጠጣ» ብሎ ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥጋብ ሌላ፣ በቂ ምግብ ማግኘት ሌላ ነው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ነው፤ በአይብና በጎመን መበላቱም አባቶችና እናቶች ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ብልሃት ይመስላል። ማባያው ሲጠፋ ሆድ ይሞላል፤ ሕፃኑ ግን ላያድግ ይችላል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በአገራችን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። የቀነጨረ ሕፃን ራበኝ ብሎ ላያለቅስ ይችላል፤ ችግሩ የሚታወቀው ቁመቱ ሲለካ ነው።

የአዮዲን እጥረት ከዚህም ይበልጥ ዝምተኛ ነው። እንቅርት አንገት ላይ እስኪታይ ድረስ አዮዲን የጎደለው ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ በእርግዝና ወቅት ሲከሰት ደግሞ የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2003 ዓ.ም. በደንብ የተደነገገውም ለዚሁ ነው። አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 89 በመቶ ደርሰዋል።

በሻሸመኔ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጡት መሬት ላይ ከጊዜ በኋላ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን «አይታል» በሚሉት የአመጋገብ ሥርዓታቸው ሥጋን፣ ብዙዎቹም ጨውን ይሸሻሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ስለሚመክር፣ ጨው መቀነስ ለደም ግፊት መልካም ነው። የደም ግፊትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምልክት የሚጨምር በመሆኑ የሚታወቀው ሲለካ ነው። ጨውን ፈጽሞ የተወ ሰው ግን አዮዲኑን ከሌላ ምንጭ ማግኘት ይኖርበታል።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ምግብን ማፈራረቅን፣ ጥራጥሬን፣ አትክልትና ፍራፍሬን ሲያበረታታ ጨው፣ ስኳርና ቅባት እንዲቀነሱ ይመክራል። ከእንቁላሉ ክርክር በተለየ እነዚህ ምክሮች ለረዥም ጊዜ ብዙም አልተለወጡም። እንቅፋቱ ይልቁንም ዋጋ ነው። ለልጇ እንቁላል እንድትሰጥ የተነገራት እናት፣ የራሷን ዶሮ እንቁላል ወደ ገበያ ይዛ የምትወጣው ምክሩን ንቃ ሳይሆን ዘይትና ሳሙና መግዛት ስላለባት ነው።

የጨው ምክር ግን ወጪ አይጠይቅም። በአዮዲን የበለጸገ ጨው በእርጥበት፣ በፀሐይና በእሳት ሙቀት አዮዲኑን ስለሚያጣ፣ በተከደነ ዕቃ ተቀምጦ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይመረጣል።