ሐሮማያ ደርሶ መመለስ

ከጅግጅጋ በባቢሌና በሐረር በኩል ሐሮማያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ወጣቶችን ስለ አካባቢ ጥበቃ ለማንቃት የሚደረጉ ጉዞዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ ባለሙያው ባነርና ካናቴራ ጭኖ ወደ ጅግጅጋ ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይመለሳል። እኔም እንዲሁ ካደረጉት አንዱ ነኝ። አሁን ግን መጓዝ ያለበት ተማሪው ነው እላለሁ።

ሐረርን ውኃ ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት ማሳ ውኃ የሚስቡ ፓምፖች አጎደሉት፤ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው ደለል ደግሞ ጥልቀቱን ነሣው። እዚህ ላይ ፊዚክሱን ልብ ይሏል፦ ትነት ውኃን የሚወስደው ከገጹ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሐይቆች እኩል ቢሰፉ፣ ጥልቀት የሌለው ከያዘው ውኃ ለፀሐይ የሚገብረው ድርሻ ይበዛል። በኋላ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም፣ ሐረር ግን ቀድሞውኑ ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ለማምጣት ተገዳለች።

ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ወደ ቀብሪበያህ ሲመለስ ቢርካውን እንደ ቀድሞው አያየውም። በሲሚንቶ የተለሰነው ይህ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ክፍት ከሆነ፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን እንኳ በ100 ቀን በጋ ግማሽ ሜትር ውኃ ያጣል። (ነፋስ ሲበረታ ከዚህም ይብሳል።) ቁጥሬን ማመን የለበትም፤ ሁለት ሳፋ እኩል ውኃ ሞልቶ፣ አንዱን በዳስ ጥላ ሌላውን በፀሐይ አኑሮ፣ ለአንድ ሳምንት በየማለዳው በማስመሪያ ይለካ። ከዚያ በኋላ ከአባቱ ጋር በሶማልኛ ስለ ቢርካው ክዳን ዋጋ ሊነጋገር ይችላል።