«ተው» እና «ልተው»

ለመሆኑ ምክር ምንድን ነው? አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው አንገቱን ደፍቶ መስማቱ ነውን? እንደዚያ ከሆነማ በዚህ ግቢ የምክር ችግር የለብንም። ተጋባዥ በመጣ ቁጥር አዳራሹ በ«አነቃቂ ንግግር» ይናወጣል። በቅርቡ የመጡት እንግዳ ደግሞ ሳይንስ ጨምረውበት፥ «ብርቱ ቃል አንጎልን ያቀጣጥላል፤ ይህም በአንጎል ፎቶግራፍ ተረጋግጧል!» አሉን። እኛም አጨበጨብን፤ አንክድም። ወደ ዶርማችን ስንመለስ ግን ነገሩ አልዋጥልን አለ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዶርማችን ካለነው ስድስት ልጆች አንዱ ጫት መተው አቅቶታል። የጀመረው እንደ ብዙዎች በፈተና ሰሞን ነው። ባለፈው ሴሚስተር ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ወደ አማካሪ ተላከ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ጤናው፥ ስለ ወላጆቹ ድካም፥ ስለ አገሩ ተስፋ ሲነገረው ቆይቶ ወጣ። «ምን አሉህ?» አልነው። «እሳቸው ያሉትን ተዉትና እኔ ምን እንዳልኩ ጠይቁኝ። ከ‹እሺ› በቀር ቃል አልወጣኝም» አለን። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቃመ።

እንግዲህ አማካሪውን ብቻ ከስሰን ልናመልጥ ነው? የለም! እኛ የባስን ነበርን። ማታ ማታ ከበነው፥ «ኧረ ተው! እናትህ እንጀራ ሸጣ እኮ ነው የምታስተምርህ!» እንለዋለን። እሱም ይመልሳል፤ «ያለሱ ማንበብ አልችልም። ስመረቅን ሁሉ ነገር ይገለጥልኛል። ከፈለግሁ ነገ አቆማለሁ፤ አሁን ግን አልፈልግም።» በየማታው ክርክሩ እየተሳለ ሄደ። ለጫት ጥብቅና ቆመ፤ ጠበቃ አድርገን የሾምነውም እኛው ነን። አባቶቻችን «ምክር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይላሉ። እኛ ግን ሲጫን አይተናል፤ የተጫነውም በጓደኛችን ጀርባ ላይ ነው።

ይህ የኛ ዶርም ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዊልያም ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ከመጠጥ ጋር የሚታገልን ሰው መሞገት ሰውየውን ወደ መከላከል እንደሚገፋው፥ የመለወጡን ምክንያት ራሱ ባለጉዳዩ ሊናገረው እንደሚገባ አስረዳ። በ1991 ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ሆነው መጽሐፍ አወጡበት። ሚለርና ባልደረቦቹ በ1993 ያወጡት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይቆጠቁጣል፤ አማካሪው ባለጉዳዩን አብዝቶ በሞገተ መጠን፥ ባለጉዳዩ ከአንድ ዓመት በኋላ አብዝቶ ሲጠጣ ተገኘ።

አንጎሉስ? እ.ኤ.አ. በ2011 ሣራ ፌልድስታይን ዩዊንግና ባልደረቦቿ የመጠጥ ሱስ ያለባቸውን ጥቂት ሰዎች ኤፍ ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፥ የአማካሪ ስብከት ሳይሆን የሰዎቹን የራሳቸውን ቃል መልሰው አቀረቡላቸው፤ አንድ ጊዜ «መተው እፈልጋለሁ» የሚለውን ዓይነት፥ ሌላ ጊዜ «መጠጡ ይስማማኛል» የሚለውን ዓይነት። ከሁለተኛው በኋላ ደስታንና ሽልማትን የሚመለከቱ የአንጎል ክፍሎች ሲነቃቁ ታየ፤ ከመጀመሪያው በኋላ ግን አልተነቃቁም። እስቲ አስቡት! እኛ ማታ ማታ «ተው» እያልን ከጓደኛችን አፍ የምናስወጣው ያንን ሁለተኛውን ቃል አልነበረምን?

ይሁን እንጂ በዚህም አንስከር። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ጫትም አልኮል አይደለም። መሣሪያውም ቢሆን ሐሳብን ፎቶ አያነሣም። የሚከታተለው በአንጎል ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ያውም ከነገሩ ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሳልመን የሚባል የሞተ ዓሣ በዚሁ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶግራፍ «አሳዩት»፤ ስሌቱ በጥንቃቄ ካልታረመ የሞተ ዓሣ አንጎልም «ነቅቶ» እንደሚታይ አስመሰከሩ። ስለዚህ «አንጎል ተቀጣጠለ» ለሚለን ሁሉ የምንመልሰው፥ «የማን አንጎል? በማንስ ቃል?» ብለን ነው።

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን፤ በሰዋስው ብናየው ይቀለናል። «ተው» ትእዛዝ ነው፤ የሚያዘው አንዱ፥ የሚተወው ሌላው። «ልተው» ሲሆን ግን ተናጋሪውም የሚተወውም አንድ ሰው ነው። ደግሞም «ልተው?» ተብሎ ይጠየቅበታል፤ «ልተው» ተብሎ ይቆረጥበታል። ሰው ከመቁረጡ በፊት ከዚያች ጥያቄ ጋር ማደር አለበት። ጩኸታችን የነጠቀው ያቺን ጥያቄ ነው።

«ታዲያ ዝም እንበል ወይ?» የሚለን አይጠፋም። አላልንም! መጠየቅ ዝምታ አይደለም። ከነሚለር መንገድ አንዷን ጥያቄ ወስደን፥ «ከዜሮ እስከ አሥር፥ መተው ምን ያህል ያስፈልግሃል?» አልነው። «ሦስት» አለ። ድሮ ቢሆን «ሦስት ብቻ?» ብለን እንጮህበት ነበር። አሁን ግን «ለምን ዜሮ አላልክም?» አልነው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፥ «ማታ ያነበብኩት ጠዋት ይጠፋብኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። እናቴም ስትደውል በድምፄ ትደነግጣለች» አለ። ስለ እናቱ ስንት ጊዜ ነግረነው ነበር! ከራሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ቃል ሆነ። ጫቱን ትቷል ብለን አንዋሽም፤ አልተወም። ጥብቅናውን ግን ትቷል።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። አዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ፥ በሩ የሚዘጋ አንድ የምክር ክፍል አይተካም። ከምክሩ ግማሽ ሰዓት እኩሌታው ለተማሪው አፍ ይሰጥ። እኛም በየዶርማችን የያዝነውን ዳኝነት እንልቀቅ። ጓደኛችሁን ልትረዱ የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፥ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁና መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁት።