ችሎት የደፈረው ማነው?

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እኔም ፈርሜያለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የ7 ዓመት ሕፃን ደፍሮ በገደለ ሰው ላይ የተወሰነው የ25 ዓመት እስራት «አነሰ» ብሎ በኢንተርኔት ስሙን ካሰፈረው ከ200 ሺህ በላይ ሰው አንዱ ነበርኩ። ፈረምኩ፣ ሼር አደረግኩ፣ ኮሜንት ውስጥ ገብቼ «በዚህ አገር ሕግ የለም» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ። በቁጣዬ ዛሬም አልጸጸትም። የምጸጸተው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ሕግ የለም ያልኩት ቅጣቱ ስላነሰኝ ብቻ ነበር። ሕግ ከቤቱ የሚወጣው ግን በሌላ በር ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን በር ዞር ብለን አናየውም።

እስቲ መጀመሪያ ስሌቱን አብረን እንሥራው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው። ከ25 በላይ ያለው ዕድሜ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ሞት። አንቀጽ 202 ደግሞ አመክሮ የሚባል ነገር አለው። ጠባዩን ያሻሻለ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነ 20 ዓመት ሲሞላው፣ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። የ25 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 16 ዓመት ከ8 ወር ነው። አመክሮ ለሁሉም ይሰጣል ማለት አይደለም። ግን ሁለቱም እስረኞች ዕድሉን ቢያገኙ፣ ያ ሁሉ ሰው የጮኸለት ልዩነት 3 ዓመት ከ4 ወር ነው። አገር ይፈርሳል ወይስ ይጸናል ያልነው በእነዚህ 40 ወራት ላይ ነበር።

ይህን የምለው 25 ዓመት በቂ ነው ለማለት አይደለም። ሕጉ ሕፃንን ደፍሮ ለሞት ላበቃ ሰው ዕድሜ ልክን በግልጽ አስቀምጧል። ለምን እንዳልተወሰነ መጠየቅ መብታችን ነው። ግን ጠየቅን ወይ? ከፈራሚዎቹ መካከል የፍርዱን ሐተታ ፈልጎ ያነበበ ስንት ሰው አለ? እኔ አላነበብኩም። ያነበብኩት በፎቶ ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ነው።

«ቅጣት ሲቀልል ሕግ ይናቃል» የሚሉትን ባዶ ወሬ ነው ብዬ አላልፋቸውም። «ምን አለ፣ ገብቼ እወጣለሁ» እያለ የሚፎክር ጎረምሳ የሌለበት ሰፈር የለም። ዳኛው «የቀድሞ ጥፋት የሌለበት፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆነ» እያሉ ማቅለያ ሲቆጥሩ፣ በየማቅለያው የቅጣቱ እርከን ሲወርድ፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናት የምትሰማው የልጇ ነፍስ ሲቀነስ ነው። ያቺን እናት «ሕጉን ስላልገባሽ ነው» ማለት ብልግና ነው።

ግን ያቺን እናት የሚያቆስላት የቁጥሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የመጣው፣ ለተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ዳኛ 5 ዓመት፣ ሌላው 15 ዓመት እንዳይሰጥ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሆኖም ችሎት ላይ በጥድፊያ ሲነበብ የሂሳብ ሠንጠረዥ ይመስላል። ምክንያቱ በሰው ቋንቋ ያልተነገረ ምሕረት ደግሞ ሁልጊዜ ጉቦ ይመስላል። በእውነት ጉቦ ከሆነም ስሙን በትክክል እንጥራው። በብር የቀለለ ቅጣት ምሕረት አይባልም፤ ሽያጭ ነው። ለሽያጭ መድኃኒቱ ሻጩንና ገዢውን መያዝ እንጂ ለመጪው ተከሳሽ ሁሉ ዓመት መጨመር አይደለም።

ቅለት ብቻውን ሕግን ቢያፈርስ ኖሮ በ2003 ዓ.ም. በፈረሰ ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ የተሰማው ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ከ12 ዓመት በላይ ነው። በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። በ1999 ዓ.ም. የተወሰነባቸው ዕድሜ ልክ በይግባኝ በ2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ከፍ አለ። ከዚያ የሃይማኖት አባቶች ሽምግልና ገቡ፣ በ2003 ዓ.ም. የሞቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፣ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ 20 ዓመት ታስረው በአመክሮ ወጡ። ያለቀሰ ነበር። «የልጄ ደም» ያለ ነበር። ሆኖም የሟቾቹ ስም በችሎት ከተነበበ በኋላ፣ ጥፋቱ በፍርድ ከተጻፈ በኋላ፣ በአደባባይ የመጣ ምሕረት ነው። ልትቃወመው ትችላለህ፤ «ፍርድ አልነበረም» ልትል ግን አትችልም።

አሁን ወደ ሌላኛው በር እንሂድ። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ፣ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች። ሰውዬው ከችሎት እንደወጡ መልሰው ያዟቸው። በዚያው ዓመትም አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣና በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዲከለከል ሆነ። ስዬ ለዓመታት ታሰሩ። ልብ በል፤ ዳኛዋ ሥራዋን ሠርታለች። ተከሳሹም ችሎቱን አልሰደበም። ችሎቱ የተደፈረው ደጁ ላይ ነው፤ የደፈረውም መሣሪያ የያዘ እጅ ነው።

ያ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳትለኝ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በቅርብ ዓመታት ባወጣቸው ሪፖርቶች፣ ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቁ ያላቸው ሰዎች እስር ቤት እንደቀሩ ደጋግሞ ገልጿል። ለእኔ ደግሞ ሪፖርት ማንበብ አላስፈለገኝም። የጎረቤታችንን ልጅ ዋስትና ለማስጨረስ ከእናቱ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ። 10 ሺህ ብር አስያዝን፣ ደረሰኝ ያዝን፣ ማኅተም ያለበት የመፍቻ ትዕዛዝ ይዘን ጣቢያ ደረስን። ተረኛው ወረቀቱን ገልብጦ አየውና፣ «ፍርድ ቤት አዘዘ እንጂ እኛ አልታዘዝንም» አለን። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እናትየው ግን አልሳቁም። «ታዲያ ልጄ፣ ዳኛዋ የማን ናት?» አሉት። መልስ አልሰጣቸውም። ልጁ በአራተኛው ቀን ወጣ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀ፣ ማንም አልተጠየቀ።

የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 449 ክፈት። በችሎት ዳኛን የሰደበ፣ ያፌዘ፣ ሥራውን ያወከ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 3 ሺህ ብር መቀጮ ሊወሰንበት ይችላል። ዳኛው እዚያው ሊቀጣው ይችላል። አሁን አንቀጽ 423ን ክፈት። ሕጉ ከሚለው ሥርዓት ውጪ ሰውን ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ሕጉ የቱ እንደሚከፋ ያውቃል ማለት ነው። እስቲ ግን በ449 የተቀጣ የሰማ እጁን ያውጣ። በ423ስ? በንዴት የጮኸች እናት ችሎት ደፋሪ ትባላለች፤ የዳኛውን ትዕዛዝ መሳቢያው ውስጥ የከተተው ሰው ግን ሹመት ይጠብቃል።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ተከሳሽ ሳይሰማ በቲክቶክ እንፈርዳለን። ውሳኔው ከጣመን «ፍትሕ ሰፈነ»፣ ካልጣመን «ዳኛው ተገዝቷል»። «የፈረደው ደስ ካላለኝ አልቀበልም» ማለት እኮ ያ ተረኛ ፖሊስ ያለው ነገር ነው። ልዩነታችን እሱ ቁልፍ አለው፣ እኛ ኢንተርኔት። ቅጣት ካነሰ ሕጉ መንገድ አለው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ይላል፣ የበላይ ፍርድ ቤት ያከብደዋል። ያንን እንዲያደርግ መጮህ ተገቢ ነው። ዳኛው እንዲፈራን መጮህ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛን የፈራ ዳኛ ነገ ደግሞ ከእኛ የሚያስፈራውን ይፈራል።

አያቶቻችን ዘንድ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ጠባቂ ሳይኖራቸው፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን ይገታ ነበር። ዘመኑ ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ ቅጣቱም ጨካኝ ነበር። ያንን ቋጠሮ ያጸናው ግን የቅጣቱ ክብደት ብቻ አይመስለኝም። ዳኛው ጋ ከደረሱ ነገሩ እንደሚቋጭ ሁለቱም ያምኑ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረት ከዚያ የመጣ ነው። በቅሎ ትልቅ ነገር ናት፤ ጭብጦ አንድ እፍኝ ቂጣ ነው። ተራቹ ግን ዓይኑ ከመጠኑ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሊንክ ሲላክልኝ አሁንም እፈርማለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን የፍርዱን ሐተታ እጠይቃለሁ። «ይጨመርበት» ከሚለው ጎን አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ ፍርድ ቤት ፍቱ ያለውን ያልፈታ ሰው በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ። ያቺን አንዲት መስመር 200 ሺህ ሰው ቢፈርምላት፣ ለእናትየው ጥያቄ መልስ ይገኝ ነበር። ዳኛዋ የእኛ ናት።